የዓሣ ነጭ ነጠብጣብ በሽታ (ኢች)፦ ስለ ሕክምናው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጨው አልባ ውሃ በያዘ አኳሪየም ውስጥ ዓሣ ለሚያሳድጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የአኳሪየም ዓሦችን ከሚያጠቁት የጥገኛ ተውሳክ በሽታዎች መካከል እጅግ የተለመደው ይህ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል፣ ችላ ከተባለ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ገንዳውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አንድ ነገር ደጋግመው ያነሣሉ፦ መድኃኒት ተውሳኩን የሚገድለው በዓሣው ገላ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሳይሆን፣ ከዓሣው ላይ ወርዶ በውሃው ውስጥ በሚገኝበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ስለ መድኃኒት መጠን፣ ስለ ቀናት ብዛትና ስለ ሙቀት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ምክንያቱ ይገባዋል።

በሽታው ከምን ይመጣል?

የነጭ ነጠብጣብ በሽታ፣ በአኳሪየም ሰዎች ዘንድ በተለመደው አጠራር «ኢች»፣ ኢክቲዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ በሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ ነው። ተውሳኩን ፉኬ የተባለ ተመራማሪ በ1876 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ በሐይቅ፣ በወንዝ፣ በዓሣ እርባታ ኩሬም ሆነ በቤት አኳሪየም ውስጥ፣ ቅርፊት ያለውንም የሌለውንም ሳይመርጥ፣ ማንኛውንም የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ይይዛል ማለት ይቻላል።

የሕይወት ዑደቱን ማወቅ የሕክምናው ግማሽ ነው። ተውሳኩ የዓሣውን የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ሰርስሮ ይገባና ከሥሩ ተቀምጦ የዓሣውን ሕዋሳት እየተመገበ ያድጋል። በዓይናችን የምናየው ነጭ ነጥብ ይህ ያደገው ተውሳክና በላዩ ያለው የዓሣው ቆዳ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲያድግ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል፣ ይህም ለባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር እጅግ ትልቅ መጠን ነው። እድገቱን ሲጨርስ ቆዳውን በስቶ ይወጣል፤ ወደ ጠጠሩ፣ ወደ ተክሉ ወይም ወደ መስታወቱ ወርዶ ይጣበቅና በከረጢት ተሸፍኖ መከፋፈል ይጀምራል። ከአንድ ከረጢት በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም እስከ 1000 የሚደርሱ ልጆች ይፈለፈላሉ። እነዚህ በውሃው ውስጥ እየዋኙ አዲስ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ በሞቃት ውሃ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ።

የዑደቱን ፍጥነት የሚወስነው የውሃው ሙቀት ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ዑደቱ ከ3 እስከ 6 ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል፤ በ15 ዲግሪ 10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በ7 ዲግሪ ደግሞ ከ5 ሳምንት ያልፋል።

ዓሣዬ በእርግጥ በዚህ በሽታ መያዙን በምን አውቃለሁ?

ዋናው ምልክት በክንፎቹ፣ በገላውና በጭራው ላይ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስሉ፣ እርስ በርስ የተለያዩ ነጭ ነጥቦች መታየታቸው ነው። ይሁን እንጂ አስተዋይ ባለቤት ነጥቦቹ ከመውጣታቸው በፊት የዓሣውን ጠባይ አይቶ ሊጠረጥር ይችላል። የታመመ ዓሣ በድንገት ዘንበል ብሎ ጎኑን በጠጠር ወይም በድንጋይ ይፈገፍጋል፤ ክንፎቹን ወደ ገላው አጣብቆ ይይዛል፤ ምግብ ይቀንሳል፤ የስንጥቡ ክዳን ቶሎ ቶሎ ይከፈታል ይዘጋል። ተውሳኩ ስንጥብ ላይ ብቻ የሰፈረ እንደሆነ በገላው ላይ አንድም ነጥብ ሳይታይ ዓሣው ከውሃው ወለል ላይ አየር ሲጎርስ ሊገኝና ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ነጥብ አለመታየቱ ብቻውን ዓሣው ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዚህ በሽታ ጋር የሚምታቱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። የመራቢያ ጊዜው የደረሰ ወንድ ጎልድፊሽ በስንጥቡ ክዳንና በደረት ክንፎቹ የፊት ጠርዝ ላይ በተርታ የተቀመጡ ነጫጭ ጉብታዎች ያወጣል፤ ይህ በሽታ አይደለም፣ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ከጨው ቅንጣት በጣም የደቀቀ፣ በባትሪ ብርሃን ሲታይ ወርቃማ ወይም ዝገት መልክ ያለው ብናኝ ከሆነ ቬልቬት የሚባለው ሌላ ተውሳክ ሊሆን ይችላል። ጥጥ የመሰለ ነገር ሻጋታን ያመለክታል፤ ለሳምንታት ሳይለወጥ የሚቆይ የአበባ ጎመን የመሰለ እብጠት ደግሞ ሊምፎሲስቲስ የሚባል የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል።

በእርግጠኝነት ለመለየት ከዓሣው ቆዳ ላይ ጥቂት ዝልግልግ ፈሳሽ በስሱ ተጠርጎ በማይክሮስኮፕ ቢታይ፣ በጥቃቅን ፀጉሮች ተሸፍኖ ቀስ እያለ የሚንከባለል፣ በውስጡ የፈረስ ኮቴ ብረት ቅርጽ ያለው ኒውክለስ የያዘ ክብ ሕዋስ ይገኛል። ይህን ማንኛውም ማይክሮስኮፕ ያለው የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ ሊያየው የሚችለው ነገር ነው፤ በተለይ ውድ ዓሦች ላሉት ሰው ከመገመት ይልቅ ማስመርመር ይበጃል።

ምልክቱን ባየሁ ዕለት መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ከመድኃኒቱ በፊት ውሃው ይታይ። አሞኒያ ወይም ናይትራይት ያለበት ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ስንጥቡ ቀድሞ ስለተጎዳ ተውሳኩንም መድኃኒቱንም መቋቋም ይሳነዋል። መለኪያ ካለዎት ይለኩ፤ ከሌለዎት ከውሃው ሩቡን ያህል ይቀይሩ። የሚጨምሩት ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እኩል፣ ክሎሪኑም የወጣለት መሆን አለበት፦ ወይ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨመርበታል፣ ወይ ክፍት በሆነ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያድራል። ከዚያም የአየር ፓምፑን ኃይል ይጨምሩ፣ የምግቡን መጠን ይቀንሱ፣ የገንዳውንም ትክክለኛ የውሃ መጠን ያስሉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ዓሣ የሚሞተው ግን እዚህ ላይ በሚፈጠር ስሕተት ነው። የገንዳው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተለክቶ እርስ በርሱ ይባዛል፣ ውጤቱም ለ1000 ይካፈላል፤ የሚገኘው ቁጥር ሊትር ነው። ለምሳሌ 60 በ30 በ35 የሆነ ገንዳ 63 ሊትር ይይዛል። ነገር ግን ውሃው እስከ አፉ አይሞላም፣ ጠጠሩና ድንጋዩም ቦታ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ እውነተኛው የውሃ መጠን 50 ሊትር ገደማ ይሆናል። መድኃኒትም ሆነ ጨው የሚሰላው በዚህ በ50 ላይ እንጂ በ63 ላይ መሆን የለበትም።

የታመመውን ዓሣ ብቻ ለይቼ ማከም አይበቃም?

አይበቃም። አንድ ዓሣ ላይ ነጥብ ከታየ ተውሳኩ በጠጠሩ ውስጥም በሌሎቹ ዓሦች ላይም እንዳለ መቁጠር ያስፈልጋል። የሚታከመው ገንዳው በሙሉ ነው። ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕ ወይም ስስ ተክሎች ስላሉ መድኃኒት መጨመር ካልተቻለ ግን ሌላ አማራጭ አለ፦ ዓሦቹ ሁሉ ወደ ሌላ ገንዳ ወጥተው እዚያ ይታከማሉ፣ ዋናው ገንዳ ደግሞ ያለ አንድም ዓሣ፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሳይወርድ ይቆያል። አንድ ሳምንት በአብዛኛው ይበቃል፤ ለጥንቃቄ ሁለት ሳምንት ማድረጉ የተሻለ ነው። ዓሣ በሌለበት ተውሳኩ የሚኖርበት ነገር የለውም።

የውሃውን ሙቀት ከፍ ማድረግ ብቻውን ያድናል?

ለብዙ የሞቃት አካባቢ ዓሦች፣ በሽታው በጅምሩ ከተደረሰበት፣ አዎን። ውሃው 30 ዲግሪ ሲደርስ ዑደቱ ይፈጥናል፣ የአብዛኛው ተውሳክ መራባትም ይሰናከላል፤ ይህን ሙቀት ሳያወርዱ ከ10 እስከ 14 ቀን ማቆየት ያስፈልጋል። ሙቀቱ የሚጨምረው በአንዴ ሳይሆን በቀን ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ነው፤ የሂተሩን ቁጥር ማመን ስለማይገባ በገንዳው ውስጥ ቴርሞ ሜትር መኖር አለበት። ከፍ ያለ ሙቀትን የሚቋቋሙ የተውሳኩ ዝርያዎች መኖራቸው ስለሚታወቅ፣ በ30 ዲግሪ ላይ ከ5 ቀን በኋላም አዳዲስ ነጥቦች የሚወጡ ከሆነ ወደ ሌላ ሕክምና መሻገር ያስፈልጋል።

ቤታ፣ ዲስከስ፣ ጋፒና ክላውን ሎች ይህን ሙቀት ለሁለት ሳምንት ይችሉታል። ጎልድፊሽን፣ ዋይት ክላውድን፣ ከፈጣን ቀዝቃዛ ጅረት የሚመጡ ዓሦችንና ፓንዳን የመሳሰሉ የኮሪዶራስ ዓይነቶችን ግን በዚህ መንገድ ማከም አይመከርም።

አዲስ አበባ ውስጥ ሳክም የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገኛል?

ያስፈልግዎታል፤ በባሕር ጠረፍ አገሮች የተጻፉ መመሪያዎችም ይህን ስለማያነሡት እዚህ ላይ በስፋት ማስረዳት ተገቢ ነው።

ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን የሚወሰነው በሙቀቱና በአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ25 ዲግሪ፣ በአየር የጠገበ አንድ ሊትር ውሃ 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ዝቅ ይላል፤ በዚሁ ምክንያት እዚያው 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ የሚይዘው ከ6 ሚሊ ግራም ብዙም የማይበልጥ ነው። ሙቀቱን ወደ 30 ዲግሪ ስናወጣው ወደ 5.6 ገደማ ይወርዳል። በሌላ በኩል የዓሣው ገላ በሙቀት ምክንያት የኦክስጅን ፍላጎቱ ይጨምራል፣ ኦክስጅን የሚወስድበት ስንጥቡም በተውሳኩ ቆስሏል። በደብረ ብርሃንና በሌሎች ከዚህም ከፍ ባሉ ከተሞች ክፍተቱ ይብሳል፤ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ዝቅ ያሉ ሥፍራዎች ደግሞ ይቀላል።

ስለዚህ በደጋ ከተሞች የሙቀት ሕክምና ያለ ጠንካራ የአየር ፓምፕ መጀመር የለበትም። የፊልተሩ መውጫ የውሃውን ወለል እንዲያናውጥ ይደረግ፤ የአየር ድንጋይ ይጨመር፤ የውሃው ከፍታ ጥቂት ዝቅ ይበል። ዓሦቹ ከወለሉ ላይ አየር ሲጎርሱ ከታዩ ሙቀቱን ወደ 28 መልሶ በጨው መደገፍ፣ በ30 ላይ ከመጽናት ይሻላል።

ጨው ይሠራል? ምን ዓይነት ጨው፣ በምን ያህል መጠን?

ጨው ከዓሣው ውጭ ያለውን ተውሳክ ያዳክማል፣ ይገድላልም። ዓሣው ራሱን የሚከላከልበትን የገላውን ዝልግልግ ሽፋንም እንዲያጠናክር ይረዳዋል። ለአብዛኞቹ ዓሦች በአንድ ሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ይጨመራል። እንደ ኮሪዶራስ፣ ሎችና ትናንሽ ቴትራዎች ላሉት ስሶች በሊትር 1 ግራም ተጀምሮ ሁኔታቸው እየታየ ወደ 2 ማሳደግ ይቻላል። ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ 3 ግራምን ያለ ችግር ይችላሉ።

ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው 50 ሊትር ውሃ ያለው ገንዳ በሊትር 2 ግራም እንዲኖረው 100 ግራም ጨው ያስፈልገዋል። ይህ በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ይለካ፤ የደቃቅና የሸካራ ጨው አንድ ማንኪያ እኩል አይመዝንም። መቶ ግራሙ ለሦስት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል በጆግ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ በ12 ሰዓት ልዩነት ይጨመራል። ጨውን በቅንጣቱ ወደ ገንዳው መበተን፣ የወደቀበትን ተክልና ከሥር የሚተኛውን ዓሣ ያቃጥላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ሲተንን ጨው አብሮ አይተንም፤ ስለዚህ በትነት የጎደለውን ለመሙላት ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ይጨመራል። ውሃ ቀድተው ሲቀይሩ ግን የሚተካው የወጣው ያህል ብቻ ነው፦ 15 ሊትር ከቀየሩ 30 ግራም ጨው ይጨምራሉ እንጂ መቶውን እንደገና አይጨምሩም።

ስለ ጨው ዓይነት፣ አዮዲን ያለበት የገበታ ጨው ዓሣ ይገድላል የሚለው አባባል በዚህ መጠን እውነትነት የለውም። በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን እጅግ ጥቂት በመሆኑ በሊትር 3 ግራም ሲጨመር የሚደርሰው ጉዳት የለም፤ አገር ውስጥ ለገበታ የሚሸጠው ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የተደነገገ በመሆኑም ሌላ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። አሞሌ ወይም ሸካራ ጨው የሚጠቀም ሰው አሟሙቶ አሸዋውን ያጥልል። ለከብት የሚሸጥ፣ ማዕድናት የተቀላቀሉበት ጨው ግን ፈጽሞ አይጨመር፤ መዳብ ሊኖርበት ይችላል። በርበሬ ወይም ሌላ ቅመም የገባበትም እንዲሁ። ጨው የማይስማማቸው ስስ ተክሎች ቀድመው ይውጡ።

መብራት እየጠፋ በሙቀት ማከም ይቻላል?

መብራት ለሰዓታት በሚጠፋበት ሰፈር የሙቀት ሕክምና አስተማማኝ አይደለም፤ ከ30 ዲግሪ ወደ 22 ወርዶ እንደገና የሚወጣ ውሃ ከተውሳኩ ይልቅ ዓሣውን ይጎዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በሽታው በብዙ ቤቶች የሚቀሰቀሰውም ሂተር ባደረበት ሳይሠራ የቀረ ጊዜ ነው፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ የዓሣውን የመከላከል አቅም ያወርዳል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሙቀቱን 26 አካባቢ ላይ አጽንቶ በጨው ወይም በመድኃኒት ማከም የተሻለ ነው።

መብራት ሲጠፋ የገንዳውን ጎንና ጀርባ በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፤ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ይተዉት። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለዎት በየግማሽ ሰዓቱ ከገንዳው በጆግ ውሃ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሰው ያፍስሱ፤ ለጥቂት ደቂቃ ይህን ማድረግ ከሚገመተው በላይ ይጠቅማል። ምግብ አይስጡ። ከውጭ የሚቀመጥ ዝግ ፊልተር ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ፣ በውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በአየር እጦት ሞተው ሊሆን ስለሚችል ከማስነሣትዎ በፊት በውስጡ የቆየውን ውሃ ይድፉ፣ ስፖንጁንም በገንዳው ውሃ ያለቅልቁ።

ማላካይት ግሪንና ፎርማሊንስ?

ለዚህ በሽታ በዓለም ዙሪያ የሚሸጡት አብዛኞቹ ፈሳሾች ማላካይት ግሪን፣ ፎርማሊን ወይም የሁለቱ ቅልቅል ናቸው፤ በትክክል ከተሰጡ ይሠራሉ። በሽታው ሲከፋ፣ ማለትም ነጥቦቹ ገላውን ሲሸፍኑ ወይም ዓሦች መሞት ሲጀምሩ፣ ጨውና ሙቀትን እየጠበቁ መቀመጥ አይገባም፤ ወደ እነዚህ መሄድ ያስፈልጋል።

መጠኑ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነው፤ ለቴትራና ቅርፊት ለሌላቸው ዓሦች በግማሹ ይጀመራል። ከመጨመርዎ በፊት በፊልተሩ ውስጥ ያለው አክቲቬትድ ካርበን ይውጣ፤ መድኃኒቱን መጥጦ ያስቀረዋልና። አልትራቫዮሌት መብራት ካለ ይጥፋ። የገንዳውም መብራት ቢጠፋ ይመረጣል፣ ማላካይት ግሪን በብርሃን ስለሚፈርስ። በየመጠኑ መካከል፣ ብዙውን ጊዜ በየሁለት ቀኑ፣ ከውሃው ሩብ ያህሉ ጠጠሩን በቱቦ እየሳቡ ይቀየራል፤ ቱቦው ወደ ጠጠሩ ውስጥ ገባ ሲል የሚወጣው ቡናማ ደለል ውስጥ ብዙ ከረጢቶች አሉ፣ እነሱን ማስወጣት ራሱ ሕክምና ነው።

ስለ ፎርማሊን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የተለመደው መጠን 37 በመቶ ከሆነው ፈሳሽ ለ40 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ መጠን በውሃው ውስጥ እስከ 5 ሚሊ ግራም በሊትር የሚደርስ ኦክስጅን ሊያጠፋ ይችላል። በአዲስ አበባ የ30 ዲግሪ ውሃ የሚይዘው 5.6 ገደማ መሆኑን ከላይ አይተናል። በደጋ ከተማ ፎርማሊንና ከፍተኛ ሙቀትን አንድ ላይ መጠቀም ዓሣውን ማፈን ነው፤ ፎርማሊን የሚጠቀም ሰው ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ፣ አየሩን በኃይል ከፍቶ፣ ለሰዓታት አጠገቡ ሆኖ መከታተል አለበት። ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ የተፈጠረበት ፎርማሊን ደግሞ ለዓሣ እጅግ መርዛማ ስለሆነ መጣል አለበት።

ሁለቱም ለሰውም አደገኛ ናቸው። ጓንት ይደረግ፤ መስኮት ይከፈት፤ ከሕፃናት ይራቁ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ማላካይት ግሪንን አትንካ። ለምግብ በሚረባ ዓሣ ኩሬ ውስጥ፣ ለምሳሌ ቆሮሶ ወይም አምባዛ በሚያድግበት፣ ማላካይት ግሪን በምንም ምክንያት አይጨመርም፤ በዓሣው ሥጋ ውስጥ ስለሚቀር በብዙ አገሮች ለምግብ ዓሣ የተከለከለ ነው። መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ይገድላሉ፤ መጠናቸውም በውሃው ኬሚካላዊ ጠባይ ስለሚለዋወጥ የውሃ መለኪያ ለሌለው ሰው አይመከሩም።

ቴትራሳይክሊን ወይም ሌላ የሰው አንቲባዮቲክ ብጨምርስ?

ይህን ተውሳክ አይገድለውም። ቴትራሳይክሊን በባክቴሪያ ላይ የሚሠራ ነው፤ የነጭ ነጠብጣብ ተውሳክ ባክቴሪያ አይደለም። የካፕሱሉ ዱቄት ገንዳው ውስጥ ሲገባ የፊልተሩን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊጎዳና በታመሙት ዓሦች ላይ አሞኒያ ሊጨምርባቸው ይችላል። ነጭ ሽንኩርትም ዓሣው ምግብ እንዲቀምስ ሊያነሣሣው ይችል ይሆናል እንጂ በሽታውን አያድንም።

መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላ ነጠብጣቦቹ ለምን በዙ?

ቀድሞውኑ ከቆዳው ሥር የነበሩት፣ ገና ከማነሳቸው የተነሣ በዓይን የማይታዩት ተውሳኮች እያደጉ ስለሆነ ነው። መድኃኒቱ እነሱን አይደርስባቸውም። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ነጥብ መብዛቱ ሕክምናው አለመሥራቱን አያሳይም፤ በዚህ ጊዜ መጠኑን በእጥፍ የሚጨምር ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት የሚዘል ሰው ዓሣውን በመርዝ ያጣዋል።

ሕክምናውን መቼ ላቁም?

ነጥቦቹ ሲጠፉ አይደለም። ነጥብ ጠፋ ማለት ተውሳኩ ከዓሣው ወርዶ በጠጠሩ ላይ መራባት ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ዓሣው ዳነ ብሎ ሲያቆም ከሳምንት በኋላ በሽታው በርትቶ ይመለሳል። በ25 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ውሃ ጠቅላላው ሕክምና ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል፣ የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ለ3 ቀን ይቀጥላል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ይረዝማል።

ጎልድፊሽ በክፍል ሙቀት ውስጥ እንዴት ይታከማል?

ሂተር በሌለው የአዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ የገንዳው ውሃ ብዙውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ነው፤ ስለዚህ የተውሳኩ ዑደት ይዘገያል፣ ሕክምናውም ከ3 ሳምንት ባላነሰ ጊዜ መቀጠል አለበት። ጎልድፊሽ በሊትር 3 ግራም ጨው በደንብ ይችላል፤ ውሃውን ወደ 24 ዲግሪ ከፍ ማድረግ የሚችል ሰው ጊዜውን ያሳጥረዋል። ጎልድፊሽ ብዙ ቆሻሻ ስለሚያወጣ በየሁለት ቀኑ ውሃ መቀየርና ጠጠሩን መሳብ ለእሱ ከሌሎቹ ይልቅ ያስፈልገዋል።

ወደ ሰው፣ ወደ ድመት ወይም ወደ ውሻ ይተላለፋል?

አይተላለፍም፤ የሚኖረው በዓሣ ላይ ብቻ ነው። ሆኖም በአኳሪየም ውሃ ውስጥ የሰውን ቆዳ የሚያቆስሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ጓንት ሳያደርግ እጁን ገንዳ ውስጥ አያግባ፤ ማንኛውም ሰው ሲጨርስ በሳሙና ይታጠብ።

በሽታው ከየት ገባ? ተመልሶ እንዳይመጣስ?

ተውሳኩ በየገንዳው ተኝቶ የሚጠብቅና ዓሣው ሲደክም የሚነሣ ነው የሚለው አነጋገር በስፋት ይሰማል፤ ያለ ዓሣ ለረጅም ጊዜ መቆየት የማይችል ስለሆነ ግን ሁልጊዜ ከውጭ የገባ ነው። የሚገባውም በአዲስ ዓሣ፣ ዓሣ ካለበት ገንዳ በመጣ ተክል ወይም ቀንድ አውጣ፣ በእርጥብ መረብ፣ ወይም ዓሣው በመጣበት ፌስታል ውሃ ነው። አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ዓሣ የመከላከል አቅም ያዳብራል፤ ሆኖም ጥቂት ተውሳክ ተሸክሞ ምንም ሳይታይበት ሊኖርና ለአዲስ ገቢዎቹ ሊያስተላልፍ ይችላል።

አዲስ ዓሣ በሌላ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ቢያንስ ለ3፣ ቢቻል ለ4 ሳምንት ተለይቶ ይቆይ። ብዙዎች ይህን ለአንድ ርካሽ ጋፒ የማይገባ ድካም አድርገው ያዩታል፤ የሚጠበቁት ግን በዋናው ገንዳ ያሉት ዓሦች ሁሉ ናቸው። ሂተር፣ ስፖንጅ ፊልተርና 20 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። የፌስታሉ ውሃ ወደ ገንዳው አይገልበጥ። አዲስ ተክል ዓሣ በሌለበት ሞቃት ውሃ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ይቆይ። ለሁለት ገንዳ አንድ መረብ የሚጠቀም ሰው በመካከሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቅ።

ይህ ሁሉ ለባሕር ዓሣም ይሠራል?

አይሠራም። የባሕር ዓሦችን ተመሳሳይ ነጭ ነጥብ የሚያስወጣው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የተባለ ሌላ ተውሳክ ነው፤ ከረጢቱ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል የሕክምናው ጊዜ ይረዝማል፣ እዚህ የተጠቀሰው የጨው መጠንም ምንም አይፈይድለትም።

የሞተውን ዓሣና መድኃኒት ያለበትን ውሃ የት ልጣል?

የሞተ ዓሣ ወዲያው ከገንዳው ይውጣ፤ እዚያ እስካለ ድረስ ተውሳኮቹ እየለቀቁት ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ከዚያም ይቀበር ወይም በፌስታል ታሥሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል። መድኃኒት ያለበት ውሃ በቤቱ የፍሳሽ መስመር ይወገድ እንጂ በጓሮ አትክልት ላይ ወይም ወደ ጅረት አይደፋ። ማሳደግ የሰለቸውን ዓሣ፣ ጤነኛም ቢሆን፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ጣና ወይም ወደ ሌላ ማንኛውም ሐይቅና ወንዝ መልቀቅ አይገባም፤ የሚፈልገው ሰው ካልተገኘ ለአኳሪየም ሻጭ መመለስ ይቻላል።